የሦስተኛው ቀን ሕመም

እትዬ አንጓች ማረፏን የሰማሁት ቅዳሜ ገበያ ላይ ጌሾ ስገዛ ነው። ሻጯ በጠዋቱ አውቶቡስ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣች ሴት ነበረች፤ ጌሾውን እየሰፈረችልኝ የአገሯን ወሬ ታወራኛለች። የዝናቡን ነገር፣ የከብቱን ነገር ከጨረሰች በኋላ፣ «ያች ባለ አርባ እንስራዋ ባልቴትም አረፈች፤ ቀብሯ ሸጋ ነበር» አለችኝ። መስፈሯን እንኳ አላቆመችም። በምን ታውቅና! እኔ ጌሾውን ትቼ፣ ገበያተኛው እየገፋኝ፣ የት እንደምሄድ ሳላውቅ እስከ ቀሃ ወንዝ መውረጃ ድረስ ሄድኩ። ቤቴ በሌላ በኩል መሆኑ ትዝ ያለኝ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ያን ቀን አላለቀስኩም። ማልቀስ የነበረብኝ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነበር። ያኔ ሳላለቅስም ሳልናገርም ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ጽሕፈቴ አያምርም፤ ነገር ግን ስለ እሷ የሚጽፍ ሌላ ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። ቢኖርም ዋናውን ነገር አያውቀውም። እንስራዋን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ጣሊያን በወጣ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ዓመት ይመስለኛል። ያን ጊዜ የጎንደር ሰው ውኃ የሚጠጣው በሴት ጀርባ ነበር። ቧንቧ የሚባል ነገር ነበረ፤ ግን አንድ ቀን ቢወርድ አራት ቀን ይጠፋል። ጠጅ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ አዲስ ቤት የሚያሠራውም ሰው ከቀሃ ወንዝ በእንስራ ይቀዳለታል። እኛ ስምንት ውኃ ቀጂዎች ነበርን፤ መሪያችን እትዬ አንጓች ናት። እኔ ከባሌ ተጣልቼ ከወገራ የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበርኩ። ጉልበቴ የማያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ አፌም አያርፍም።

መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት «አንቱ» ብያት ተቆጣች። «አንቱ ካልሽኝ እንስራ ማን ያሸካክመናል? አንች በይኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ እናቴን የምታህለውን ሴት አንች እያልኩ ኖርኩ። ዕድሜዋን ብትጠየቅ አታውቀውም፤ «ዳገቴ ረዝሟል» ትላለች። እኔ ግን ሃምሳን እንዳለፈች እገምታለሁ። አጭር ናት፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ የተፈነጨቱ፤ ቀሚሷን በመቀነቷ ሰብስባ ስለምትታጠቅ ባቷ ሁልጊዜ ይታያል። የሰፈሩ ጠጪ ሁሉ በዚያ ባት ይቀልድ ነበር። እሷም አታፍርም፤ «ከናንተ ልብ ይጠነክራል» ብላቸው ታልፋለች።

ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዝ ከመውረዳችን በፊት አንድ ልማድ ነበራት። አንድ በአንድ ታስቆመንና ጎንበስ ብላ ባታችንን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ፊታችንን ቀና ብላ እያየች ነው የምትጫነው። ከዚያ «አንች ስድስት»፣ «አንች ሦስት»፣ «አንች ዛሬ ባዶሽን ወርደሽ ባዶሽን ውጪ» እያለች ታድለናለች። ነጋዴ በሬ እንደሚመርጥ ነው እያልኩ በሆዴ ስቄባታለሁ።

የሳቄን ዋጋ የከፈልኩት በሁለተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን አራት ቅጂ ብትለኝ፣ ማን መሆኔን ላሳያት ብዬ ዘጠኝ ቀዳሁ። ማታ ዘፍኜ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ከመደቡ ልወርድ ብል እግሬ የኔ አልሆነም፤ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። እትዬ አንጓች መጥታ አየችኝና ጥርሶቿ እስኪታዩ ሳቀች። ቅቤ አቅልጣ ባቴን አሸችልኝ፤ እንድተኛ ግን አልፈቀደችም። «ተነሽ፣ ባዶሽን ወንዝ ውረጅ» አለች። እየረገምኳት ወረድኩ፤ ስመለስ ግማሹ ሕመም ለቆኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምንም እንዳልሆነ ሰው እንስራዬን አነሣሁ።

ማታ እሳት ዳር ስንቀመጥ ነገሩን አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደጋግማዋለች፤ ቃሏ አሁንም በጆሮዬ አለ።

«ሥጋ ሦስት ነው» አለች። «ለጋ አለ፣ የደረሰ አለ፣ የከረመ አለ። ለጋው ያንች ነው። በማግስቱ ይጮኻል፣ በሦስተኛው ቀን ረስቶ ይስቃል። የደረሰው ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ሥጋ ነው፤ ያጉረመርማል እንጂ አይጮኽም፣ እየሠራሽበት ይፍታታል። የከረመው የኔ ነው።»

«ያንችስ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«የኔ በማግስቱ ዝም ይላል። አንዳች አይለኝም። ሞኝ ባልቴት ያኔ ድኛለሁ ብላ ትሸከማለች። ሕመሙ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አይሄድም። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ከተሸከምኩ ሁለቱን ቀን አልሸከምም። የዝምታውን ቀን፣ የሕመሙን ቀን። በአራተኛው እነሣለሁ።»

ይህን ማንም አላስተማራትም። ከልጅነቷ ጀምራ በራሷ እግር ያየችው ነው፤ በሌሎችም እግር ላይ ፈትናዋለች። ከኛ መካከል አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ሴት ክረምቱን ጠዳ ልጇ ዘንድ ተቀምጣ፣ ወፍራ፣ አምሮባት መጣች። የመጀመሪያውን እንስራ አዝላ ከወንዙ ዳር መነሣት አቃታት። እትዬ አንጓች አልገሠጸቻትም። ለአንድ ወር ሩብ እንስራ፣ ለሌላው ወር ግማሽ አሸከመቻት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ ሙሉውን አልቻለችም፤ ግን የዕለት እንጀራዋን የምታገኝበት ያህል ተመለሰላት። «ለጋ ሥጋ ወር ቢተኛ በሳምንት ጉልበቱ ይመለሳል» አለችኝ ያኔ። «የከረመ ሥጋ ከተኛ ግን የሄደው ሁሉ አይመለስም። ስለዚህ አላደክመውም፣ አላስተኛውምም።»

እንዲህ ራሷን እየቆጠበች የምትኖረው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት በዓመቱ ነው።

የእትዬ አንጓች አገር ከአምባ ጊዮርጊስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ደብራቸው ኪዳነ ምሕረት አምባ ላይ ናት፤ ምንጩ ከገደሉ ሥር። በጣሊያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ወርዶ ምንጩ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ተደበቀ። እዚያ አንዲቱ ልጇ ደጌ ትኩሳት ያዛት። እትዬ አንጓች ሌሎቹን ልጆቿን ቀብራለች። በአራተኛው ሌሊት ልጅቱ እናቷን መለየት ሲያቅታት፣ ወደ ምንጩ ወጥታ ተሳለች። ልጄን ከተውሽልኝ፣ ቤትሽ ሲሠራ ለጭቃው አርባ እንስራ ውኃ ከዚህ ምንጭ በጀርባዬ አወጣለሁ፣ ሙሉ እንስራ፣ አለች። ልጅቱ ተረፈች፤ አድጋም ዛሪማ ተዳረች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቶሎ አልተሠራም። ጣሊያን ወጣ፤ ታቦቱ ለጊዜው በተሠራች መቃኞ ጎጆ ውስጥ ዓመታት ተቀመጠ። አንድ ዓመት እህል ይጠፋል፣ አንድ ዓመት ግንበኛ ይጠፋል። እትዬ አንጓች ደግሞ ዳገቷ እየረዘመ ሄደ። «የተሳለችው ሌላ ሴት ናት» አለችኝ አንድ ቀን፣ ባቷን እያሸች። «የደረሰ ሥጋ የነበራት። ያች በአራት ቀን ትጨርሰው ነበር። የምትከፍለው እኔ ነኝ።» ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር፤ ዓይኗ ግን ፈርቶ ነበር። ፈርታ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ግንቡ ተጀምሯል የሚል መልእክት የመጣው ከፋሲካ በፊት ነው። ልጇ አራስ ስለነበረች ልትመጣ አልቻለችም። እንስራ ሞልቶ የሚያሸክም ሰው ያስፈልግ ነበርና እኔን ይዛኝ ሄደች። እስከ አምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ በእግር።

የደብሩ አለቃ መምሬ ተገኘ ዳገቱንም እሷንም አይተው አዘኑ። «አንጓች፣ ስለት በወጉ ይለወጣል። በውኃው ፈንታ ጧፍ አግቢ፤ እኔ እፈታሻለሁ» አሏት።

«መምሬ፣ ልጄን በጧፍ አይዶለም የተቀበልኳት» አለች።

ዳገቱን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት እኔም ልለምናት ቃጥቶኝ ነበር። ከምንጩ እስከ አምባው አናት በለጋ እግር እንኳ ሦስት ጊዜ ያሳርፋል። ግንበኞቹ ጭቃውን ጨርሰው ክዳኑን ማቆም ያለባቸው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ዋናው ግንበኛ አያ ሞገስ እስከ ግንቦት መጨረሻ ብሏል። እትዬ አንጓች በጣቷ ቆጠረች። በቀን አራት እንስራ፣ ከዚያ ሁለት ቀን እረፍት፤ ዐሥር የሸክም ቀን። በልኩ ይደርስ ነበር። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ እህል ቀምሳ ትሸከማለች። እያንዳንዱን እንስራ እንዳደረሰች አንዲት ጠጠር በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እሷ ምንጩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጥና ትጸልያለች። እኔ በቅል እየቀዳሁ እሞላለሁ፤ ያ እንስራ ዐሥራ ስድስት ቅል ይይዛል። አፉን በቅጠል እደፍነዋለሁ። «ሞላ?» ትለኛለች፣ ሳትዞር። «ሞላ» እላታለሁ። ከዚያ አሸክማታለሁ፤ ገመዱን በደረቷ ላይ ታስርና ትወጣለች። እላይ ጭቃ ረጋጮቹ ተቀብለው ይደፉታል።

እስከ ስድስተኛው የሸክም ቀን ሃያ አራት ጠጠር ተቋጠረ። ግን እሷ እየቀነሰች ነበር። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ሲመጣ መጀመሪያ እያነከሰች ትሄድ ነበር፤ በኋላ ግን ጠዋት ከመኝታዋ የምትነሣው እኔ ጎትቻት ሆነ። በስድስተኛው ቀን አራተኛውን እንስራ ይዛ ከአናቱ ሥር በጉልበቷ ተንበረከከች። እንስራው እንዳይሰበር ብላ ነው የተንበረከከችው፤ ቆዳዋ ተልጦ ደም እየወረደ ተነሥታ ጨረሰችው። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አየሁ። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በሰባተኛው የሸክም ቀን ዐሥራ ሁለት ቅል ቀድቼ አቆምኩ። ቅጠሉን አብዝቼ ጠቀጠቅሁት፣ ውኃው እንዳይንቦጫረቅ። «ሞላ?» አለችኝ።

«ሞላ» አልኳት።

አራት ቅል የጎደለ እንስራ ማንም ሸካም ያውቀዋል። እሷም አውቃለች፤ ቀለላት። ግን ቅለቱ ከኔ እጅ የመጣ መሆኑ በሐሳቧ አልመጣም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ዞረች፤ ፊቷ የሙሽራ ፊት ሆኖ ነበር። «ፈንታዬ» አለችኝ፣ «ቀለለኝ እኮ! እመቤቴ ከኋላ ያዘችልኝ!» ምን ልበላት? አራቱንም ቀለል አድርጌ ሞላሁላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሷ ተነሣች፤ ባቷን ተጫነችው፤ አልታመመችም። እልል አለች። በስምንተኛው የሸክም ቀንም እንደዚያው አደረግሁ።

ላገኘችው ሁሉ ስትናገር ወሬው ደብሩን ሞላው። ሴቶች መጥተው እንስራዋን ሳሙ። መምሬ ተገኘ ተደስተው በቅዳሴ ፍጻሜ ለሕዝቡ ተናገሩላት። እኔ ሴቶቹ መካከል ቆሜ እሰማ ነበር። ደግሞ ራሴን አጽናናው ነበር፤ ማን ተጎዳ እያልኩ።

ከስምንተኛው ሸክም በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሲነጋ፣ መደብ ዳር ተቀምጣ አገኘኋት። ባቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ትናንት የነበረው ደስታ ከፊቷ የለም።

«ፈንታዬ» አለች፣ «እመቤቴ ሸክሙን ልታቀልልኝ ትችላለች። ይህን አምናለሁ። ግን ያን ዳገት በሙሉ እንስራ የወጣ ሥጋ በሦስተኛው ቀን ሳይታመም አይቀርም። አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሁለት ጊዜ? ሥጋዬ አልሠራሁም እያለኝ ነው።»

ተነሣች፣ ወደ ምንጩ ይዛኝ ወረደች፣ እንስራውን ፊቴ አስቀመጠች። «እንደሞላሽው ሙዪው» አለች። በዚህ ጊዜ ጀርባዋን አልሰጠችኝም። ቅሉን አንሥቼ ቀዳሁ። ዐሥራ ሁለተኛው ላይ አቆምኩ።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ጠጠሮቿን ፈታች። ስምንቱን ቆጥራ ወደ ምንጩ ጣለቻቸው። ከዚያ፣ «ለሰው ነግሬያለሁ» አለች ብቻ። ለእሷ ከዳገቱ የከበደው ይህ ነበር። በእመቤቷ ስም ያልሆነ ተአምር ተናግራለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በቅጥሩ መካከል ቆመች። ነጠላዋን በደረቷ አደግድጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የነገርኳችሁ ሐሰት ነው። እንስራው ስለጎደለ ነው የቀለለኝ። ይቅር በሉኝ» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። አንዲት ሴት፣ «ማን አጎደለብሽ?» አለች።

«እንስራው የኔ ነው» አለች እትዬ አንጓች። «ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

እኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ሦስት እርምጃ ብቻ። አንዱ አታላይ ናት ሲል፣ ሌላው ድሮም ከተማ የገባች ሴት ምን ትታመናለች ሲል እሰማለሁ። ወደ ፊት ልሄድ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። በማይፈለግበት ሁሉ ሲሠራ የኖረው ምላሴ ያን ቀን ደረቀ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን የናቅሁበት ጊዜ የለም።

መምሬ ተገኘ አስጠግተው፣ «ልጄ፣ ሳታውቂ የጎደለ ነው። ተቆጥሮልሻል፤ ተዪው» አሏት።

«ሳላውቅ የጎደለውን፣ መምሬ፣ አውቄ እሞላዋለሁ» አለች።

የሚቀራት ዐሥራ ስድስት እንስራ ሆነ፤ አራት የሸክም ቀን። የግንቦት ዝናብ ግን ያን ዓመት ቀድሞ መጣ። አያ ሞገስ ሰማዩን አይቶ፣ «ከስምንት ቀን በላይ ጭቃ አልነካም፤ ግንቡ ይፈርስብኛል» አለ። አራት የሸክም ቀን ከነእረፍቱ ከስምንት ቀን ውስጥ አይገባም። እትዬ አንጓች በጣቷ ደጋግማ ቆጠረች። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን ሥርዓት በራሷ ላይ ሻረችው። አንድ ቀን ትሸከማለች፣ የዝምታውን ቀን ታርፋለች፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሕመሙ በሚመጣበት በዚያው ቀን፣ እንደገና ትሸከማለች።

ይህን ያደረግሁባት እኔ ነኝ። እነዚያ ስምንት እንስራዎች ባይጎድሉ ኖሮ በወጉ አርፋ፣ በወጉ ትጨርስ ነበር።

ስለነዚያ አራት ቀናት ብዙ መጻፍ አልችልም። በየጊዜው ዐሥራ ስድስት ቅል ቆጥሬ፣ ጮክ ብዬ ቆጥሬ ሞላሁላት። «ሞላ?» ማለቷን አልተወችም፤ እንደ ድሮው ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትጠይቀኝ። ካደረግሁት ሁሉ በኋላ ጀርባዋን ሰጠችኝ! በሦስተኛው የሸክም ቀን እግሯ ስትወጣ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጅማቷ ከቆዳዋ ሥር ሲዘል ይታየኛል። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጀመረ። የመጨረሻውን እንስራ ይዛ ስትወጣ ጥቂት እርምጃ ትሄዳለች፣ ድንጋይ ላይ ትደገፋለች፣ ጥቂት ትሄዳለች። ያሙዋት ሰዎች በአምባው ጫፍ ቆመው በዝናብ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። ጭቃው ዘንድ ስትደርስ ረጋጮቹ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ ራሷን ነቀነቀች። ገመዷን ራሷ ፈትታ፣ ራሷ ደፋችው። ሁሉም ሙሉ መሆኑን አየ።

ከዚያ ወዲያ እንስራ አልተሸከመችም። ወር ተኛች፤ ክረምቱ አልፎ በዱላ ተነሣች። አንድ ጊዜ የሄደው፣ ራሷ እንዳለችው፣ አልተመለሰም። ወደ ጎንደር መመለስ ስለማይሆንላት እዚያው ጥጥ እየፈተለች ለመኖር ወሰነች። ልሰናበታት ስል ጉልበቷን ይዤ ይቅር በይኝ አልኳት። ትከሻዬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«እጅሽ አዝኖልኝ ነው። ክፉ እጅ አይዶለም» አለች። ከዚያ ባቷን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ግን ምነው፣ እሱን ሳትጠይቂው?» አለችኝ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልተወኝም። ጎንደር ተመልሼ በሷ ቦታ ሴቶቹን ስመራ ኖርኩ፤ ባታቸውን እየተጫንኩ። ለሰው ሳዝን መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ። አምባ ጊዮርጊስ በሚሄድ ሰው መልእክት እልክላት ነበር፤ እሷም ፈትል ትልክልኛለች። ሄጄ ያየኋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስቱም ጊዜ ለሕዝቡ እናገራለሁ ብዬ ሄጄ፣ በሦስቱም ሳልናገር ተመለስኩ።

ለተዝካሯ ወጣሁ። ደጌ አሁን የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት፤ አቅፋ ሳመችኝ። የወጡ ውኃ ገና አልተቀዳም ነበርና እንስራ አምጡልኝ አልኩ። «ምነው እቴ፣ ስንት ለጋ ሴት እያለ!» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቧንቧ በደንብ ከገባ ወዲህ እንስራ አልያዝኩም። ደጌ ግን አየችኝና ከእኔ ጋር ወረደች። ምንጩ አጠገብ፣ እትዬ አንጓች ትጸልይበት በነበረው ድንጋይ ላይ ደጌ ተቀምጣ፣ እኔ እየቀዳሁ ነገርኳት። ማን እንዳጎደለው ነገርኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ ስጠይቃት፣ እኔ ነኝ ያጎደልኩት ነበር የምትለኝ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን በፊቷ ላይ አደረገች። ሁለታችንም ያን ጊዜ አለቀስን። ማታ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ። ያኔ የነበሩት አብዛኞቹ ሞተዋል። ቢሆንም ተናገርኩ።

እንስራውን በዐሥራ ስድስት ቅል ሞልቼ በጀርባዬ አወጣሁት፤ አምስት ጊዜ አርፌ። ቅዳሜ ነበር። እሑድ ወደ ጎንደር ስመለስ ምንም አልተሰማኝም፤ አንዳች አላለኝም። ድኛለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ባቴ ያዘኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ፤ ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ።

«ሞላ?» ያለችኝ መሰለኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

«ሞላ፣ እትዬ» አልኩ።